ለሁላችን ነው?



ቤቴ ቡራዩ፣ እንጀራዬ ሰበታ ነው። ጎህ ሲቀድ ከቤቴ እወጣና በታክሲ አዲስ አበባን አቋርጬ፣ በአየር ጤናና በዓለም ገና በኩል አልፌ ከባንኩ መስኮት ኋላ እቀመጣለሁ። ወር በተጠናቀቀ ቁጥር ጠረጴዛዬ ላይ የሚያርፍ አንድ ወረቀት አለ፤ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ። የሙያ ምሥጢር ነውና የድርጅትም ሆነ የሰው ስም አልጠራም። ሁሉም ሰነዶች ግን ሥሪታቸው አንድ ነው። ከላይኛው መስመር ሥራ አስኪያጁ፣ ከታችኛው መስመር ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ ይሰፍራሉ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት በእጅ ሲለካ ሁለት ስንዝር አይሞላም። በብር ሲለካ ግን ከሰበታ ሱሉልታ በእግር ከመሄድ ይረዝማል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከአንድ የአበባ እርሻ የመጡ ሠራተኞች በመስኮቴ ፊት በተሰለፉበት ቀን፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት የተቀበሉትን ብር ሁለት ጊዜ ቆጠሩት። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ተሳስታችሁ ይሆን?» አሉኝ። ሰነዱን አየሁት። የእርሳቸውና የጓደኞቻቸው ክፍያ ተቀንሷል። «አልተሳሳትንም እናቴ፣ የመጣልን እንዲህ ነው» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ለሁላችን ነው የተቀነሰው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

የላይኛዎቹን መስመሮች ዓይኔ አይቷቸዋል፤ አንዲት ሳንቲም አልጎደለባቸውም። አንደበቴ ግን ታሰረ። «እኔ አላውቅም» ብዬ ዋሸሁ። ሴትዮዋ ብራቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው ሄዱ፤ ጥያቄያቸው ግን እኔው ዘንድ ቀረ።

የዛሬው መጣጥፌ ያቺን ጥያቄ ተከትሎ ወደ ኋላ ይጓዛል። የመረጥኩት መንገድ የሰማዩን ነው። በሰበታ፣ በሆለታና በሱሉልታ ዙሪያ የሚለቀመው አበባ በቀዝቃዛ መኪና ተጭኖ ወደ ቦሌ ይወርዳል፤ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ገበያ ይሻገራል። የእኚያ እናት እጅ የቆረጠው ጽጌረዳ እርሳቸው በማይሳፈሩበት አውሮፕላን ይበራል። በዚያ አውሮፕላን ዙሪያ የሚሠሩትም ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ በየዘመናቸው ሲጠይቁ እንደኖሩ ታሪክ ይነግረናል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ። መንግሥት ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ነበርና አብራሪውም፣ መካኒኩም፣ ሥራ አስኪያጁም ከባሕር ማዶ መጣ። የመጀመሪያው የንግድ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በሲ-47 አውሮፕላን ወደ ካይሮ ተደረገ። የአገሬው ልጅ ከሻንጣ ተሸካሚነትና ከረዳትነት ተነሥቶ መሰላሉን ቀስ በቀስ ወጣ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ ካፒቴን ሲሆኑ፣ የሥራ አስኪያጅነቱ ወንበር ግን እስከ 1971 ድረስ ከውጭ ሰው እጅ አልወጣም፤ በዚያ ዓመት ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ተረከቡት። ልብ በሉ፤ ከመጀመሪያው በረራ እስከዚያ ሩብ ምእተ ዓመት አልፏል። የደመወዝ ሰነዱ የላይኛው መስመር ይህን ሁሉ ዘመን በባዕድ ስም ሲጻፍ ኖሯል ማለት ነው።

ሠራተኛው በማኅበር እንዲደራጅ ሕግ የፈቀደለት በ1954 ዓ.ም. ማብቂያ በወጣ ድንጋጌ ሲሆን፣ በ1956 ዓ.ም. ይኸው ሕግ አዋጅ ቁጥር 210 ሆኖ ጸደቀ። በመካከሉ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አባቶቻችን፤ የዚያ ዘመን ድር ግን ገና ስስ ነበር። ማኅበሩ ለዓመታት የሚናገረው በለሆሳስ ነው እየተባለ በገዛ አባላቱ ሲታማ ኖረ።

ከዚያም 1966 ዓ.ም. መጣ። የነዳጅ ዋጋ ናረ፤ የካቲት 11 ቀን መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ወሩ ሳይወጣ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ። የካቲት 28 ቀን የሠራተኞች አንድነት ማኅበር በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አድማው አራት ቀን ቆየ፤ ማሽኖች ዝም አሉ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ እጁን አጣጠፈ። በዚያ ሰሞን ቀሳውስት እንኳ ደመወዛችን አይበቃንም ብለው አደባባይ ወጥተዋል። ለመንፈሳዊ አገልግሎት የቆመ ሰው ስለ ምድራዊ እንጀራው ሲጮህ፣ ያ አገር የቱን ያህል እንደተራበ መገመት አያዳግትም።

ያን ጊዜ የተጠየቀው የደመወዝ ጭማሪ ብቻ አልነበረም። የተጠየቀው ሚዛን ነበር። ወሎ በረሃብ ሲያልቅ የቤተ መንግሥቱ ማዕድ እንዳልጎደለ ሕዝቡ አውቆ ነበርና፣ «ለሁላችን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከጎጆ ወጥቶ ጎዳና ላይ ቆመ። መልስ ሳያገኝም ዘውዱ ወደቀ።

ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ታላላቅ ፋብሪካዎችን ወረሰ። እዚሁ ሰበታ ያለው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ከተወረሱት አንዱ ነው። ባለቤቱ ሰፊው ሕዝብ ነው ተባለ። ባለቤት ነህ የተባለው ሠራተኛ ግን የባለቤትነቱን ቃል ለመናገር ሲሞክር ምን እንደገጠመው የአየር መንገዱ ሰዎች ታሪክ ይመሰክራል። በመስከረም 1968 ዓ.ም. የሠራተኞች አንድነት ማኅበር ወታደራዊውን መንግሥት የሚነቅፍ፣ ዲሞክራሲያዊ መብትን የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። ውሳኔው በበራሪ ወረቀት ተባዛ። መስከረም 14 ቀን ወረቀቱ በአየር መንገዱ ሠራተኞች መካከል ሲታደል የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፈቱ፤ ሠራተኞች ሞቱ። ከአምስት ቀን በኋላ በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ታወጀ። በዚያው ዓመት አዲስ የሠራተኛ አዋጅ ወጣ፤ አሮጌው ማኅበር ፈርሶ በኋላ በቦታው መንግሥት የሚፈቅደውን የሚናገር የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተተከለ።

አውሮፕላን የሚያበርሩ፣ የሚጠግኑና የሚጭኑ ሰዎች በበራሪ ወረቀት ምክንያት መሞታቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ብረቱን ከምድር ለማንሣት የተፈቀደለት እጅ ወረቀቱን ከኪሱ ለማንሣት አልተፈቀደለትም።

ይህ የኛ ብቻ ዕጣ ነው እንዳንል፣ ታሪክ ከባሕር ማዶም ምሳሌ አለው። በሚያዝያ 1995 ዓ.ም. በዓለም ግዙፍ ከሚባሉት አየር መንገዶች አንዱ የሆነው አሜሪካን አየር መንገድ ለኪሳራ ተቃርቦ ነበር። ሦስቱ የሠራተኛ ማኅበራት፣ ማለትም የአብራሪዎቹ፣ የበረራ አስተናጋጆቹና የመካኒኮቹ፣ በዓመት ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ቅነሳ ለመቀበል ተስማሙ። ቤቱ እንዳይፈርስ ብለው የገዛ እንጀራቸውን ቆረሱ። ድምፅ ሰጥተው እንደጨረሱ ግን ሌላ ወሬ ወጣ። ኩባንያው ለጥቂት የበላይ አለቆች በሥራቸው እንዲቆዩ ማበረታቻ የሚሆን ቦነስ አዘጋጅቷል፤ ኩባንያው ቢከስር እንኳ ጡረታቸው እንዳይነካ ለአለቆቹ ገንዘብ ለብቻው አስቀምጧል። ይህም ከሠራተኞቹ ተሸሽጎ ነበር። ቁጣው እንደ ሰደድ እሳት ተነሣ። ቦነሱ ተሰረዘ፤ ይቅርታ ተጠየቀ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዶናልድ ካርቲ ሚያዝያ 16 ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። እነዚያ ሠራተኞች ደመወዛችሁ ይቀነስ ሲባሉ ፈቅደዋል። ያስቆጣቸው ቅነሳው አልነበረም፤ ከበር በስተጀርባ የተሠራው ሥራ ነው። በእኛ አገር ክፉ ዘመን ሲመጣ ቤተሰብ አብሮ ይጾማል። መሶቡ ሲጎድል አባትም ጉርሻውን ያሳንሳል፣ እናት «በልቻለሁ» ብላ ለልጆቿ ትተዋለች፤ ማንም አያጉረመርምም። ነገር ግን ልጆች ቆሎ እየቆጠሩ ሳለ ከጓዳ የዶሮ ወጥ ሽታ ቢመጣ፣ ያ ቤት ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤት አይሆንም። ረሃብ ያላፈረሰውን ቤት ሽታው ያፈርሰዋል።

ወደ አገራችን ሰማይ እንመለስ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377 ለሠራተኛው የሥራ ማቆም መብትን ሲፈቅድ፣ የአየር ትራንስፖርትን ግን ከመብራትና ከውኃ ጋር ደምሮ ሥራ ማቆም ከማይፈቀድባቸው አገልግሎቶች መደበው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ በሰማይ ያለ መንገደኛ በምድር ያለ ክርክር እስኪያልቅ ሊጠብቅ አይችልም። ነገር ግን እንዳይጮህ የተከለከለ ሰው ሰሚ ጆሮ ይበልጥ ይገባዋል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የክፍያ ጥያቄያችን አልተመለሰም ብለው ሥራ ባቆሙ ጊዜ ይህ ነገር ግልጥ ብሎ ታየ። እነርሱ የሲቪል አቪየሽን ባለሥልጣን እንጂ የአየር መንገዱ ሠራተኞች አልነበሩም፤ ያለ እነርሱ ቃል ግን አውሮፕላን አይነሣም፣ አያርፍምም። ጡረተኞችና ሌሎች ባለሙያዎች ተጠርተው ሥራው ቀጠለ። ከተቆጣጣሪዎቹ መካከል ዘጠኙ ታሰሩ። ዘመኑ መስከረም 1968 አይደለምና ጥይት አልተተኮሰም፤ ይህን ልዩነት መካድ ግፍ ይሆናል። ይሁንና የደመወዝ ጥያቄ በፖሊስ ጣቢያ በር ማለፉ አሁንም አልቀረም።

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ቀን ገንዘብ ቆጥሬ ማታ ግጥም የምሞነጫጭር ሰው ነኝ። ሆኖም እነዚህን ዓመታት እንደ ደመወዝ ሰነድ በአንድ ገጽ ደርድሬ ሳያቸው አንድ ነገር ይታየኛል። ሠራተኛ ድህነትን ይችላል፤ ቅነሳንም ይችላል። የማይችለው መታለልን ነው። 1966ም፣ 1968ም፣ 1995ም፣ 2010ም በየራሳቸው ቋንቋ የጠየቁት «ስንት ደረሰን?» ብቻ አይደለም፤ «እናንተስ?» የሚል ጥያቄ አብሮት አለ። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሰነዱን ገልጦ የላይኛውን መስመር ማሳየት ይበቃል። ማሳየት የሚያሳፍር ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የጠያቂው አይደለም።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚባል አንድ ጥላ ሥር ገብተዋል። ስማቸውና አስተዳደራቸው ቢለወጥም ማለዳቸው አልተለወጠም። በጅማ መንገድ፣ በአምቦ መንገድና በጎጃም መንገድ ዳር ሠራተኛው በጭለማ ተነሥቶ ወደ ፋብሪካና ወደ አበባ እርሻ ይተማል፤ በላዩ ላይ አውሮፕላን ያልፋል። ደመወዙ ዛሬ በስልክ ስለሚገባ በመስኮቴ ፊት የሚሰለፈው ሰው ቀንሷል። እኚያን እናት ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ባያቸው የምሥጢር መሐላዬን አላፈርስም። «አላውቅም» ብዬ ግን አልዋሽም። «እናቴ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ ብቻዎን ሳይሆን ከጓደኞችዎ ጋር ሆነው አሠሪዎን ይጠይቁ» እላቸዋለሁ። ያን ቀን ይህችን ያህል ቃል ነፍጌያቸዋለሁና፣ ዕዳዬን በዚህች ስንኝ ልክፈል፤

ጽጌረዳ ቆርጣ ለሰማይ የሰጠች፣
የወር ድካሟን ቆጥራ እየጎደለች፣
ብሩን አይደለም ሚዛኑን ጠየቀች፤
መልስ የነፈጋት እጄ ግን ቆጠረች።

ቸር ይግጠመን።