የቫኒላ ታሪክና የብላቴናው የኤድሞን ሥራ

ሰው በማዕድ ተቀምጦ የጣፈጠውን ሲቀምስ ምግቡን ያቀረበለትን ያመሰግናል፤ ቅመሙን በእጁ ያበቀለውን፥ በጊዜው የለቀመውን፥ በፀሓይና በጥላ እያገላበጠ ያደረቀውን ሰው ግን ብዙ ጊዜ አያስበውም። በከተማ በየኬክ ቤቱና በየግብዣው ሽታው የታወቀው ቫኒላ የሚባለው ቅመም እንዲህ ያለ የተረሳ ባለሙያ አለው። ታሪኩ የነገሥታትና የመርከብ አለቆች ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነ፥ እናቱ በወሊድ የሞተችበት፥ የቤተ ሰብ ስም እንኳ ያልተሰጠው የአንድ ባርያ ልጅ ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ቫኒላ በሌላ ዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ ሐረግ ነው፤ ወገኑም ኦርኪድ ከሚባሉት አበቦች ነው። ኦርኪድ ከ25000 የሚበልጥ ልዩ ልዩ ዓይነት ሲኖረው፥ ለምግብ ማጣፈጫ ሆኖ በዓለም ገበያ በብዛት የሚሸጠው ይኸው ቫኒላ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። አበባው በማለዳ ይፈነዳል፥ በዚያው ቀን ይጠወልጋል፤ በዚያች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተዳቀለ ያለ ፍሬ ይረግፋል። ከአንድ አበባ የሚገኘውም አንድ ዛላ ብቻ ነው። ዛላው እንደ አደንጓሬ እሸት አረንጓዴና ረዥም ሲሆን፥ በሐረጉ ላይ ሳለ ያ የታወቀው መዓዛ የለውም። ጥሬ ቡና እሳት ሳይነካው መዓዛው እንደማይገለጥ፥ ቫኒላም የሰው እጅ ብዙ ወራት ሳይደክምበት ሽታውን አይሰጥም።

የዚህ ተክል የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና በአጠገቡ ያለው የመካከለኛው አሜሪካ ዱር ነው። በቬራክሩዝ አውራጃ በፓፓንትላ አካባቢ የሚኖሩ ቶቶናክ የሚባሉ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበረ። በ15ኛው መቶ ዓመት አዝቴኮች ቶቶናኮችን ድል በነሡ ጊዜ ቫኒላን በግብር ይቀበሉ፥ ከካካዎ ጋራም በመጠጥ ይቀላቅሉት ነበረ። በ1519 ኤርናን ኮርቴዝ የእስጳንያን ወታደሮች ይዞ በዚያ አገር ከወረደ በኋላ ካካዎውም ቫኒላውም ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። በአውሮፓም ብዙ ዘመን የካካዎ ተከታይ ሆኖ ከቈየ በኋላ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት መባቻ የእንግሊዝ ንግሥት የኤልሳቤጥ መድኀኒት ቀማሚ ሂዩ ሞርጋን ቫኒላ ለብቻው ማጣፈጫ ሊሆን እንደሚችል አሳየ ይባላል።

መኳንንቱ ይህን ቅመም እጅግ ስለ ወደዱት የአውሮፓ መንግሥታት በየቅኝ ግዛታቸው ሊያለሙት ደከሙ። ሐረጉ በሄደበት ሁሉ በቀለ፥ አበበም፤ ፍሬ ግን አልሰጠም። ምክንያቱም በአበባው ውስጥ ወንዴውንና ሴቴውን የሚለይ አንድ ቀጭን መጋረጃ በመኖሩ ነው። በትውልድ አገሩ ይህን መጋረጃ አልፈው አበባውን የሚያዳቅሉት የዚያው ዱር ንቦች ናቸው፤ እነርሱም ከሐረጉ ጋራ ባሕር አልተሻገሩም። ስለዚህ ሦስት መቶ ዓመት ያህል የዓለም ቫኒላ የሚወጣው ከሜክሲኮ ብቻ ሆኖ ኖረ። በ1836 በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ከተማ ሻርል ሞረን የሚባል የዕፀዋት ሊቅ በመስተዋት ቤት ውስጥ አበባውን በእጅ አዳቅሎ ፍሬ አገኘ። ነገር ግን የእርሱ ብልሃት በሊቃውንት ዘንድ ቀረ እንጂ ለገበሬ የሚጠቅም ሥራ አልሆነም።

በህንድ ውቅያኖስ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ሬዩንዮን የምትባል ደሴት አለች፤ የቀድሞ ስሟ ቡርቦን ነበረ። ፈረንሳዮች በ1715 ከየመን ወደብ ከሞካ ቡና አምጥተው ተከሉባት፤ የዚያም ቡና የጥንት ዘሩ ከኢትዮጵያ ዱር የወጣ ነው። ቡርቦን የሚባለው የቡና ዓይነትም ስሙን እስከ ዛሬ የያዘው ከዚያች ደሴት ነው። በ1806ና በ1807 ጽኑ ዐውሎ ነፋስ ቡናውን ስላጠፋው የደሴቲቱ ባለርስቶች ወደ ሸንኮራ አገዳ ዞሩ። የእርሻው ሠራተኞች ከማዳጋስካርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ተገዝተው የመጡ ባሮችና ልጆቻቸው ነበሩ። በ1723 ለደሴቲቱ የወጣው ሕግም ባርያን እንደ ተንቀሳቃሽ ዕቃ የሚቈጥር ነበረ።

በ1819 ፊሊቤር የሚባል የመርከብ አለቃ ከደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ከካየን የቫኒላ ሐረግ ወደ ደሴቲቱ አመጣ፤ በ1822ም ሌላ ሐረግ ከፓሪዝ መጣ። ባለርስቶቹ በደስታ ተከሉት፤ ሃያ ዓመት ያህል ግን አበባውን ብቻ እያዩ ቈዩ።

በሳንት ሱዛን ቀበሌ ፌሬዎል ቤልዬ ቦሞን የሚባል አትክልት የሚወድ ባለርስት ነበረ። በዚሁ ቀበሌ በ1829 የተወለደ ኤድሞን የሚባል የሙት ልጅ በባርነት በእጁ ገባ። ሰውየው ልጁን ይወደው ስለ ነበረ በአትክልቱ ቦታ ሲዘዋወር አያስቀረውም፤ የዕፀዋቱንም ስምና ጠባይ በቃል ያስተምረው ነበረ። ከዱባ ወገን የሆነውን አንድ ተክል የወንዴውን አበባ ከሴቴው አገናኝቶ ማዳቀልን ያሳየውም እርሱ ነው። ፊደል ግን አላስተማረውም።

በ1841 አንድ ቀን ባለርስቱ ከልጁ ጋራ ሲመላለስ፥ ሃያ ዓመት መካን ሆኖ በኖረው ሐረግ ላይ ፍሬ ተንጠልጥሎ አየ። ተደንቆ ለልጁ ቢነግረው ኤድሞን፡ «እኔ ነኝ ያዳቀልሁት» አለው። ባለርስቱ አላመነም። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ሁለተኛ ፍሬ ታየ፤ ያን ጊዜ «እስቲ አድርገህ አሳየኝ» ብሎ አዘዘው። ልጁም አንድ አበባ ይዞ ጕንጩን ሰነጠቀ፤ በቀጭን ስንጥር መጋረጃውን ቀና አድርጎ በአውራ ጣቱ የወንዴውን ዱቄት ከሴቴው ጋራ አጣበቀው። ሥራው ሁሉ ከዐይን ጥቅሻ ብዙ አይበልጥም ነበረ። ከዱባው አበባ የተማረውን ይዞ፥ አሠራሩ ፈጽሞ ልዩ በሆነው በቫኒላ አበባ ውስጥ መሰናክሉ የቱ እንደ ሆነ በገዛ ዐይኑ መርምሮ አገኘው።

ወሬው በደሴቲቱ ተሰማ። ባለርስቶቹ እየላኩ ኤድሞንን ይወስዱት፥ እርሱም ከርስት ወደ ርስት እየዞረ ለሌሎች ባሮች ያስተምር ነበረ። ከዚህ ወዲያ ቫኒላ የደሴቲቱ ሀብት ሆነ። በ1848 ከሬዩንዮን ወደ ፈረንሳይ የተላከው ቫኒላ 50 ኪሎ ያህል ብቻ ሲሆን፥ በ1898 ወደ 200 ቶን ደርሶ ከሜክሲኮ በለጠ። የብዙ ቤት ሣጥን በአንድ ብላቴና ጣት ሞላ፤ የብላቴናው እጅ ግን ባዶ ነበረ።

በታኅሣሥ 1848 የባርነት መሻር በደሴቲቱ በታወጀ ጊዜ ከ60000 የሚበልጡ ሰዎች ነጻ ወጡ። ለነጻዎቹ የቤተ ሰብ ስም ሲሰጣቸው ኤድሞን አልቢዩስ ተባለ፤ ይህም ነጭ ከሚለው ከላቲን ቃል የወጣ ነው ይባላል። ነጻነቱን ተቀበለ እንጂ መሬትም ገንዘብም አልተቀበለም። ወደ ሳን ዴኒ ከተማ ሄዶ በሰው ቤት በወጥ ቤት ሲያገለግል በጌጥ ስርቆት ተከሶ እስራት ተፈረደበት። የቀድሞ ጌታው ቤልዬ ቦሞን ይህ ሰው ለደሴቲቱ ያደረገው ታላቅ ጥቅም እንዲታሰብለት ማለደለት፤ ከዚህም የተነሣ ጊዜው ሳይፈጸም ከወህኒ ወጣ።

ከድኽነቱ በላይ ሌላ መከራ መጣበት። ዦን ሚሼል ክሎድ ሪሻር የሚባል የታወቀ የዕፀዋት ሊቅ «ይህን ብልሃት ቀድሞ በደሴቲቱ ያሳየሁ እኔ ነኝ» አለ። ሊቅ ሲናገር ማን የባርያ ልጅ ይሰማል? ያን ጊዜም ስለ ኤድሞን የመሰከረ ያው ቤልዬ ቦሞን ነው። ሊቁ ብልሃቱን አስተምሮ ቢሆን ኖሮ፥ ባለርስቱ ሁሉ እስከ ኤድሞን ዘመን ያለ ፍሬ ባልተቀመጠም ነበር ብሎ በደብዳቤ አስረዳ። ይህ ደብዳቤ ባይጻፍ የልጁ ስም ዛሬ ባልታወቀ ነበረ። ይሁን እንጂ ያው እውነት የመሰከረለት ሰው ልጁን በባርነት ይዞት የኖረ፥ ከሥራውም የተጠቀመ መሆኑን ታሪክ አይሰውርም። ሰው በአንድ ነገር ደግ ሆኖ በሌላው ዕዳ ሊኖርበት ይችላል።

ለኤድሞን ጡረታ ወይም ሽልማት እንዲሰጠው ተለምኖ ነበረ፤ መልስ ግን አልመጣም። ነሐሴ 9 ቀን 1880 በሳንት ሱዛን በድኾች ሐኪም ቤት አረፈ። የደሴቲቱ ጋዜጣም ለአገሩ ብዙ ትርፍ ያስገኘው ሰው በችግር እንደ ሞተ በዚያው ወር ጻፈ።

ዛሬ ወደ ሬዩንዮን የሚሄድ እንግዳ ከሳንት ሱዛን እስከ ሳን ፊሊፕ ባለው ጠረፍ ቫኒላን ከአባት ወደ ልጅ እያወረሱ የሚያለሙ ቤተ ሰቦችን ያገኛል። ከእነርሱም አንዳንዶቹ እንግዳ ተቀብለው እርሻቸውን ያሳያሉ፥ ምሳም ያበላሉ። በሳን ፊሊፕ በኩል ሐረጉ የሚያድገው ከእሳተ ገሞራው በፈሰሰው ድንጋይ ላይ በበቀለ ዱር ጥላ ሥር ነው። አባወራው ወይም ሴት ልጁ ከፊት እየመራች፥ ሐረጉ ወደ ላይ አምልጦ እጅ እንዳያልፍ እንዴት ወደ ታች እንደሚታጠፍ ታሳያለች። አበባ በሚፈነዳበት ወራት ሥራው ሁሉ በጥዋት ነው። ይህን የማዳቀል ሥራ የሚሠሩት ሴቶች በአገሩ ቋንቋ «አጋቢዎች» ይባላሉ፤ የለመደች ሴት በአንድ ቀን ከ1000 የሚበልጥ አበባ ታዳቅላለች። የሚያደርጉትም ኤድሞን በ1841 ያደረገውን ነው፤ እስከ ዛሬ ሌላ የተሻለ መሣሪያ አልተገኘለትም።

ዛላው በሐረጉ ላይ ዘጠኝ ወር ይቈያል፤ ጫፉ ቢጫ ሲሆን ይለቀማል። ከዚያም በ63 ዲግሪ ያህል በሞቀ ውሃ ሦስት ደቂቃ ተነክሮ፥ በሱፍ ብርድ ልብስ በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ ሲያልበው ያድራል፤ እንደ ጥቍር ቸኮላታም ይጠቍራል። ቀጥሎ ለብዙ ቀን በፀሓይ ይሰጣል፥ ከዚያም በጥላ ይደርቃል፤ በመጨረሻ በእንጨት ሣጥን ተዘግቶ ለወራት ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ዛላው አንድ በአንድ እየተዳሰሰ ይመረመራል፤ የሻገተ አንድ ዛላ ሣጥኑን ሁሉ ያበላሻልና። አንድ ኪሎ ደረቅ ቫኒላ ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ እርጥብ ያስፈልጋል።

ምሳው ሲቀርብ እንግዳው ይደነቃል፤ በኬክና በአይስ ክሬም ብቻ የሚያውቀውን ቅመም ከዳክዬ ወጥ ጋራ ያገኘዋልና። ወጡ ከሩዝ፥ ከአደንጓሬና በቲማቲምና በቃሪያ ከተሠራ ማባያ ጋራ ይቀርባል። ዛላው ተሰንጥቆ በሽንኵርቱና በቅባቱ መካከል ሲበስል ጣፋጭነቱ ሳይሆን መዓዛው ይቀድማል። በዚያ ማዕድ የአፍሪካ፥ የማዳጋስካር፥ የህንድና የፈረንሳይ ልጆች የምግብ ልማድ በአንድ ሰሐን ተገናኝቷል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ አባቶች ወደ ደሴቲቱ የመጡት በፈቃዳቸው አልነበረም።

ብልሃቱ ከደሴቲቱ ወደ ማዳጋስካር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ተሻገረ፤ ዛሬ ከዓለም ቫኒላ የሚበዛው የሚወጣው ከዚያ ነው። ይሁን እንጂ በ1858 ኒኮላ ጎብሌ መዓዛውን የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ለይቶ ካወጣ፥ በ1874ም ቲማንና ሃርማን የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት ያንኑ ከጥድ ፈሳሽ ከሠሩ ወዲህ፥ በዓለም የሚበላው የቫኒላ ማጣፈጫ አብዛኛው የፋብሪካ ሥራ ሆኗል። የእውነተኛው ዛላ ዋጋ ደግሞ እንደ ዐውሎ ነፋሱ ይወጣል ይወርዳል። በመጋቢት 2017 ኤናዎ የተባለ ዐውሎ ነፋስ ማዳጋስካርን ከመታ በኋላ፥ በ2018 የአንድ ኪሎ ዋጋ 600 ዶላር ያህል ደርሶ ከብር በለጠ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ወደቀ። ዋጋው ሲወጣ ገበሬው ሌባ እንዳይሰርቀው ሌሊት እየጠበቀ ያድራል፥ በያንዳንዱም እርጥብ ዛላ ላይ በመርፌ ምልክቱን ይወጋል። ዋጋው ሲወድቅ ግን የድካሙን አያገኝም። ስለዚህ በኤድሞን የደረሰው ነገር በሌላ መልክ በብዙ ቤት ዛሬም ይታያል።

አሁን በሳንት ሱዛን ለኤድሞን አልቢዩስ መታሰቢያ ቆሞለታል፤ ልጆችም በትምህርት ቤት ስሙን ይማራሉ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሞተ ሰው ሐውልት አይበላም። በመጽሐፈ መክብብ ስለ ድኻው ጠቢብ የተነገረውን ያነበበ ሁሉ ይህን ታሪክ ሲሰማ የሚያውቀው ይመስለዋል። በእኛም አገር የቤተ ክርስቲያኑን በር የጠረበው፥ የካህኑን ልብስ የሸመነው፥ መስቀሉን በእሳት ያቀለጠው ባለ እጅ ስሙ የተጻፈበት ቦታ ጥቂት ነው፤ እንዲያውም ስለ ሥራው የተናቀበት ዘመን ረዥም ነበረ። የሞተውን ማክበር የሚገባ ነው፤ ዕዳን የሚያቃልለው ግን ለሕያው ሠራተኛ ዋጋውን በሕይወቱ ሳለ መስጠት፥ ያስተማረንንም ሰው ትንሽም ቢሆን፥ ድኻም ቢሆን፥ በስሙ መጥራት ነው።