የአንገት አጥንትና የጠምዛዥ እጅ

አንገቱ የደረቀበት ሰው «እስቲ ጠምዘዝ አድርግልኝ» ማለት ልማዱ ነው። ወጌሻ ዘንድ የሚሄድ አለ፣ ፀጉር ቆራጩን የሚለምንም አለ። እኔ ወጌሻን ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ የነገሩን ታሪክ ባጭሩ ላቅርብ ብዬ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጥንትን በእጅ መጫን የቆየ ነው። በግሪክ በሂፖክራጥስ ስም የቆዩት ጥንታዊ መጻሕፍት ጀርባን እየሳቡ ስለ መጫን ይናገራሉ። በአሜሪካ ደግሞ በ1895 ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተባለ ሰው በዳቨንፖርት ከተማ ጆሮው የደከመ የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛን ጀርባ ቢጫነው ሰውየው ሰማ ተባለ። ሙያውም ኪሮፕራክቲክ ተባለ፤ በግሪክ ቋንቋ በእጅ የሚሠራ ማለት ነው። ነገር ግን የመስሚያው ነርቭ ከጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደው በራስ ቅል ውስጥ ነው እንጂ በጀርባ አያልፍም። ልጁ ቢ. ጄ. ፓልመር ደግሞ በ1930ዎቹ ዓመታት ሕክምናውን በላይኛው አንገት ላይ አደረገው።

ታዲያ እዚያ ላይ ምን አለ? የአንገት አጥንቶች 7 ናቸው። የላይኛው አትላስ ይባላል፤ እንደ ቀለበት ሆኖ ራስን ይሸከማል። ሁለተኛው አክሲስ ነው፤ እንደ ጥርስ ሽቅብ የቆመ አጥንት አለው፣ ቀለበቱም በዚያ ላይ ይሽከረከራል። ራሳችንን ግራና ቀኝ ስናዞር ግማሽ ያህሉ የሚሠራው በነዚህ ሁለቱ መካከል ነው። በአጥንቶቹ ጎንና ጎን ባለው ቀዳዳ ደግሞ ወደ ኋለኛው አንጎል ደም የሚያደርሱ ሁለት ደም ቅዳዎች ሽቅብ ይወጣሉ፤ አትላስ ላይ ሲደርሱም ይታጠፋሉ። አንገት በድንገት ቀጭ ሲደረግ የደም ቅዳው ውስጠኛ ሽፋን ሊተረተር ይችላል። እዚያ ደም ይረጋል፣ ስትሮክም ይከተላል።

በ1947 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ከኪሮፕራክቲክ ጠመዘዛ በኋላ ትንሹ አንጎላቸውና ኅብለ ሰረሰራቸው የተጎዳባቸው ሰዎች ነገር ተጻፈ። በ2014 ደግሞ የአሜሪካ የልብ ማኅበር መግለጫ አወጣ። አደጋው ብዙ ጊዜ የሚደርስ አይደለም፤ ጠመዘዛው ራሱ እንዳመጣውም በርግጥ አልተረጋገጠም፤ ደም ቅዳው አስቀድሞ የተተረተረበት ሰው አንገቴን አመመኝ ብሎ ሊሄድ ይችላልና። ሆኖም ግንኙነት ስላለ በሽተኛው አስቀድሞ ይነገረው ብሏል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ድንገት የመጣ አዲስ የአንገት ወይም የራስ ሕመም ያለበት ሰው ሳይመረመር አንገቱን ለማንም አይስጥ። ከጠመዘዛ በኋላ ማዞር፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ መንተባተብ፣ መንገዳገድ ወይም የፊት መደንዘዝ ከመጣ «ተኛና ይለቅሃል» አይባልም፤ በዚያችው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው። ዕድራችን ድንኳን የሚተክለው ቀን ለደረሰበት ነው፤ ቀኑን በገዛ እጃችን አንጥራው።