የቅድመ አንደኛ ደረጃ ሕፃናትን የሒሳብ መሠረታዊ ክህሎት ማስጨበጥ፦ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተዘጋጀ መረጃ

አንድ ሕፃን ከአንድ እስከ መቶ ያለውን ቁጥር ሳይሳሳት ሲጠራ ወላጆች መደሰታቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሕፃን "አምስት ቆርኪ ስጠኝ" ሲባል ያገኘውን ያህል በእፍኙ ዘግኖ የሚሰጥ ከሆነ፣ የቁጥሮችን ስም በቃሉ ያዘ እንጂ የብዛትን ትርጉም ገና አልጨበጠም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሕፃኑ አንደኛ ክፍል ሲገባ ጎልቶ ይወጣል። መደመርና መቀነስ በብዛት ግንዛቤ ላይ የሚመሠረቱ በመሆናቸው፣ መሠረቱ ያልተጣለለት ልጅ ትምህርቱን በሸምደዳ ለመከታተል ይገደዳል፤ ብዙም ሳይቆይ "ሒሳብ አይገባኝም" ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል።

ይህ መረጃ የተዘጋጀው ወላጆች፣ አሳዳጊዎችና የማኅበረሰቡ አባላት ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆኑ ሕፃናት ምን ዓይነት የሒሳብ ክህሎት ሊኖራቸው እንደሚገባ እንዲገነዘቡ፣ ክህሎቱንም ያለ ተጨማሪ ወጪ በቤት ውስጥ ለማዳበር የሚያስችሉ መንገዶችን እንዲያውቁ ለማድረግ ነው።

1. የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በሀገራችን

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆኑ ሕፃናትን ለመደበኛ ትምህርት የሚያዘጋጅ እንደሆነ ደንግጎ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤና እና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያዘጋጁት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ይፋ ከሆነ በኋላ፣ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚሰጠው የ"ኦ" ክፍል ትምህርት በስፋት ተዳርሷል። ከዚሁ ጎን ለጎን ከፍ ያሉ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን በጨዋታ የሚያስተምሩበት "ከልጅ ለልጅ" የተሰኘው መርሐ ግብርም ተግባራዊ ሆኗል።

በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ሕፃናት በ7 ዓመታቸው አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው አስቀድሞ የሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኙ አድርጓል። በመሆኑም ይህ የዕድሜ ክልል ልጆች በትምህርት ቤት እየዋሉ ከፍ እስኪሉ የሚጠበቁበት ጊዜ ሳይሆን፣ ራሱን የቻለ የትምህርት እርከን ነው።

2. ትኩረት ማድረግ ለምን አስፈለገ?

በግሬግ ደንካን መሪነት በተመራማሪዎች ቡድን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ የሕፃናትን የትምህርት ጉዞ ለዓመታት የተከታተሉ ስድስት የመረጃ ስብስቦችን መርምሮ ነበር። በውጤቱም ሕፃናት ትምህርት ሲጀምሩ የነበራቸው የሒሳብ ክህሎት፣ በኋላ ላይ የሚያስመዘግቡትን ውጤት ከሌሎች ከተጠኑ ክህሎቶች ሁሉ በተሻለ እንደሚያመለክት አረጋግጧል። ጥናቱ የተካሄደው በሌሎች ሀገራት ልጆች ላይ ቢሆንም፣ የሒሳብ ትምህርት ደረጃ በደረጃ የሚገነባ መሆኑ በየትኛውም ሀገር ያው ነው።

ይህ ማለት ግን ሕፃናት በለጋ ዕድሜያቸው የአንደኛ ክፍልን መጽሐፍ ይጀምሩ ማለት አይደለም። የሚያስፈልገው በዕድሜያቸው ሊጨብጡት የሚችሉትን ነገር በተግባርና በጨዋታ እንዲለማመዱት ማድረግ ነው።

3. ሕፃናት ሊጨብጧቸው የሚገቡ ዋና ዋና ክህሎቶች

ሀ) አንድ ለአንድ ማዛመድ፦ ሕፃኑ ሲቆጥር ለአንድ ዕቃ አንድ የቁጥር ስም ብቻ መስጠት ይኖርበታል። ጣቱ ከአፉ ቀድሞ የሚሄድ ወይም አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ የሚቆጥር ከሆነ ክህሎቱን ገና እየተለማመደ ነው። የተቆጠረውን ዕቃ ወደ ጎን እያደረገ እንዲቆጥር ማድረግ ይረዳዋል።

ለ) ቅደም ተከተልን መጠበቅ፦ የቁጥሮች ስም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንደሚጠራ ማወቅ ነው።

ሐ) የመጨረሻው ቁጥር የጠቅላላው ብዛት መግለጫ መሆኑን መረዳት፦ ሕፃኑ ስድስት ባቄላ ከቆጠረ በኋላ "ስንት ናቸው?" ሲባል እንደገና ከአንድ የሚጀምር ከሆነ ይህን መርሕ ገና አልተረዳም። "ስድስት" ብሎ የሚመልስ፣ እንዲሁም ከክምር ውስጥ ስድስት ለይቶ መስጠት የሚችል ልጅ ግን ተረድቶታል። ሕፃናት የ"አንድ"ን ትርጉም ከተረዱ በኋላ "ሁለት"ን፣ ቀጥሎም "ሦስት"ን ለመረዳት በየደረጃው ወራት ሊወስድባቸው ስለሚችል ትዕግሥት ያስፈልጋል።

መ) የዕቃው ዓይነትና አቀማመጥ ቁጥሩን እንደማይለውጠው ማወቅ፦ አምስት ጠጠሮች ተጠጋግተውም ሆነ ተራርቀው ቢደረደሩ አምስት ናቸው። ብዙ ሕፃናት ረዘም ያለው ረድፍ "ይበልጣል" ይላሉ። ይህ በዕድሜው የሚጠበቅ በመሆኑ እንደ ስንፍና ሊቆጠር አይገባም።

ሠ) ሳይቆጥሩ በአንድ እይታ ማወቅ፦ ሁለት ወይም ሦስት ዕቃዎችን አይቶ ወዲያውኑ ብዛታቸውን መናገር መቻል ነው።

ረ) ማነጻጸር፣ መመደብና መደርደር፦ ዕቃዎችን በቀለም፣ በቅርጽ ወይም በመጠን መለየት፤ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር፤ "ይበልጣል"፣ "ያንሳል"፣ "እኩል ነው" የሚሉትን ቃላት በትክክል መጠቀምን ይመለከታል።

ሰ) ቅርጽ፣ ቦታና ተደጋጋሚ ሥርዓት፦ ክብን፣ ሦስት ማዕዘንንና አራት ማዕዘንን መለየት፤ "ከላይ"፣ "ከሥር"፣ "በስተኋላ"፣ "በመካከል" የሚሉትን መረዳት፤ እንዲሁም በጥበብ ልብስ ጥለት ላይ ወይም በሰፌድ ስፌት ላይ እየተደጋገመ የሚሄደውን ቀለም አስተውሎ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት ናቸው።

4. በቤት ውስጥ ሊከናወኑ የሚችሉ ተግባራት

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ተግባራት የሚገዛ መርጃ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። በቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መስጠት በቂ ሲሆን፣ የዕለት ተዕለት ሥራ እየተሠራ ጎን ለጎን ሊከናወኑም ይችላሉ።

• ቡና ሲፈላ ሕፃኑ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ሲኒ እንዲያደርስ ማድረግ፤ ቀጥሎም "ሲኒው በቃን? ስንት ጎደለ?" ብሎ መጠየቅ። በዚህም አንድ ለአንድ ማዛመድንና የመቀነስን ጅማሮ ይለማመዳል።

• የታጠበ ልብስ ሲታጠፍ ካልሲዎችን በጥንድ በጥንድ እንዲያገናኝ፣ የትልቅና የትንሽ ሰው ልብስ እንዲለይ ማድረግ።

• ውኃ ሲቀዳ "ይህን ጆግ ለመሙላት ስንት ኩባያ ይበቃል?" ብሎ አስቀድሞ እንዲገምት፣ ከዚያም ቆጥሮ እንዲያረጋግጥ ማድረግ። የጠረጴዛውን ርዝመት በስንዝር፣ ከበር እስከ አጥር ያለውን ርቀት በእርምጃ መለካትም ይቻላል። የአባት ስንዝርና የልጅ ስንዝር የተለያየ ቁጥር ሲሰጡ ምክንያቱን እንዲያስብ መጠየቅ ጥሩ የልኬት ትምህርት ይሆናል።

• ዳቦ ሲቆረስ "ለአራታችን እኩል እንዲደርሰን እንዴት እንቁረሰው?" ብሎ ማሳተፍ።

• በአሥር በአሥር የታሰሩ ስንጥሮችን ወይም ቀጫጭን እንጨቶችን ማዘጋጀት፤ አንድ እስርና ሦስት ነጠላ እንጨት "አሥራ ሦስት" መሆኑን ማሳየት።

ማሳሰቢያ፦ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጠጠርና የመሳሰሉት ትንንሽ ነገሮች በጉሮሮ ሊሰነቀሩ ወይም በአፍንጫና በጆሮ ሊገቡ ስለሚችሉ፣ ልጆች በእነዚህ ሲጫወቱ አዋቂ ሰው ሊከታተላቸው ይገባል። ከ3 ዓመት በታች የሆኑ ታናናሾች ባሉበት ቤት ከጨዋታ በኋላ ተሰብስበው መቀመጥ አለባቸው።

5. ባህላዊ ጨዋታዎቻችን እንደ ማስተማሪያ

በሀገራችን ልጆች ሲጫወቷቸው የኖሩ ጨዋታዎች በርካታ የሒሳብ ክህሎቶችን ይይዛሉ። በገበጣ ጨዋታ ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ያነሣቸውን ጠጠሮች በቀጣዮቹ ጉድጓዶች አንድ አንድ እያደረገ ይዘራል፤ ይህ አንድ ለአንድ ማዛመድ ነው። ልጁ እያደገ ሲሄድ የመጨረሻው ጠጠር የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማስላት ይጀምራል። ቅልልቦሽ ጠጠሮችን በመጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት እያደረጉ ማንሣትን ያለማምዳል። በሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ በመሬት ላይ በተሠመሩት ሣጥኖች ውስጥ ከ1 ጀምሮ ቁጥር ቢጻፍ፣ ልጁ በዘለለ ቁጥር የቁጥሮችን ቅደም ተከተልና መጠን በአካሉ ይለማመዳል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በጥናት የተደገፈ ነው። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ የቅድመ መደበኛ ልጆች ከ1 እስከ 10 በመስመር በተደረደሩ ቁጥሮች ላይ በአጭር በአጭር ጊዜ ለአራት ዙር ከተጫወቱ በኋላ የቁጥር መጠን ግንዛቤያቸው ጉልህ መሻሻል አሳይቷል። በቀለም ብቻ በተለዩ ሣጥኖች ላይ የተጫወቱት ልጆች ግን ይህን መሻሻል አላሳዩም። ስለሆነም ቁጥሩን መጻፍና እየጠሩ መዝለል ልዩነት ያመጣል።

6. በየትኛው ቋንቋ?

ሕፃኑ በሚገባ በሚናገረው ቋንቋ መቁጠር መጀመሩ ተመራጭ ነው። በሀገራችን በሚነገሩ በርካታ ቋንቋዎች የቁጥር አጠራር ራሱ ለመረዳት የሚያግዝ ነው። በአማርኛ "አሥራ አንድ"፣ በአፋን ኦሮሞ "ኩዸ ቶኮ"፣ በትግርኛ "ዓሰርተ ሓደ" ሲባል፣ ቁጥሩ ከአሥርና ከአንድ የተሠራ መሆኑን ስሙ በግልጽ ይናገራል። በእንግሊዝኛ የ11 እና የ12 ስሞች ይህን አያሳዩም። በአማርኛ "አርባ" ከአራት፣ "ሃምሳ" ከአምስት፣ "ሰባ" ከሰባት ጋር ያላቸውን የድምፅ ዝምድና ልጁ እንዲያስተውል ማድረግም ይጠቅማል፤ "ሃያ" ግን ለብቻዋ ልትጠና ይገባል።

በመሆኑም ቁጥርን በእንግሊዝኛ ብቻ መጥራት የተሻለ ትምህርት ማሳያ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ልጁ ሁለተኛ ቋንቋ መማሩ መልካም ሆኖ፣ የብዛት ትርጉም ግን አስቀድሞ በሚያስብበት ቋንቋ ሊሰርጽ ይገባል።

7. ሊወገዱ የሚገባቸው ልማዶች

• እጁ ገና ያልጠነከረ ሕፃን ገጽ ሙሉ ቁጥር እየደጋገመ እንዲጽፍ ማስገደድ። የቤት ሥራ ብዛት የትምህርት ጥራት መለኪያ አይደለም።

• በጣት መቁጠርን መከልከል። ጣት በዚህ ዕድሜ ተገቢ የሆነ መርጃ ነው፤ ልጁ ሳያስፈልገው ሲቀር ራሱ ይተወዋል።

• ሲሳሳት መቅጣት፣ መሳቅ ወይም ከወንድም ከእኅቱ ጋር ማወዳደር። ከዚህ ይልቅ "እንዴት አወቅህ?"፣ "እንደገና አብረን እንቁጠረው" ማለት አስተሳሰቡን ያጎለብታል።

• "እኔም ሒሳብ አይሆንልኝም ነበር" ወይም "ሒሳብ የወንድ ነው" የሚሉ አነጋገሮች። ሴት ልጆች ከወንዶች እኩል ለመቁጠር፣ ለመለካትና ለመገጣጠም ዕድል ሊያገኙ ይገባል።

8. ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት

የልጆች የዕድገት ፍጥነት የተለያየ ነው። ሆኖም ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ተደጋጋሚ ልምምድ ተደርጎለትም እስከ አምስት ያሉ ዕቃዎችን መቁጠር ካልቻለ፣ ወይም ሲጠሩት የማይሰማ፣ ዕቃን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ የሚያይ ከሆነ፣ ሰነፍ ነው ከማለት በፊት በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ተቋም የመስማትና የማየት ምርመራ እንዲደረግለት ማድረግ ያስፈልጋል። ማየት ለተሳናቸው ሕፃናት በእጅ የሚዳሰሱ ጠጠሮችና በክር ላይ የተሰኩ ዶቃዎች፣ መስማት ለተሳናቸው ደግሞ የምልክት ቋንቋና በዓይን የሚታዩ መርጃዎች ተመሳሳይ ክህሎት ለማስጨበጥ ያስችላሉ። አካል ጉዳት ልጅን በቤት ለማስቀረት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

9. አገልግሎቱን ለማግኘት

ልጃቸውን ለማስመዝገብ የሚፈልጉ ወላጆችና አሳዳጊዎች በአቅራቢያቸው የሚገኘውን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወይም የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት በመጠየቅ የምዝገባውን ጊዜ፣ የዕድሜ መስፈርቱንና የሚያስፈልጉትን ሰነዶች ማወቅ ይችላሉ። የትምህርት ዘመኑ በመስከረም ስለሚጀምር አስቀድሞ በክረምቱ ወራት መጠየቅ ይመረጣል። በምዝገባ ወቅት የሚከተሉትን መጠየቅ ተገቢ ነው፦

• ትምህርቱ የሚሰጠው በየትኛው ቋንቋ ነው?
• ሕፃናቱ በቀን ምን ያህል ጊዜ በጨዋታና በተግባር ያሳልፋሉ? የሚቆጠሩና የሚገጣጠሙ መርጃዎች በክፍሉ አሉ?
• መምህሩ የልጁን ለውጥ ለወላጅ የሚያሳውቀው በምን መንገድ ነው?

በአካባቢው የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ገና ያልተጀመረ ከሆነ ጥያቄውን በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት በኩል ወይም በቀጥታ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይቻላል። እስከዚያው ድረስ በክፍል 4 እና 5 የተመለከቱትን ተግባራት በየቀኑ ማከናወን፣ ልጁ አንደኛ ክፍል ሲገባ የቁጥርን ስም ብቻ ሳይሆን ትርጉሙንም ይዞ እንዲገባ ያግዘዋል።