መልስ የምትሰጥ አሻንጉሊት

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ሰጥቶን ነበር። ሦስት ሰዓት ስላይድ፣ ሻይ በቦምቦሊኖ፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፊኬት። ደረት እንዴት እንደሚጫኑ አሠልጣኙ እጁን ጠረጴዛ ላይ አነባብሮ አሳየን፤ እኛም ገባን ብለን ራሳችንን ነቀነቅን።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጎረቤታችን ግቢ ውስጥ ወደቁ። አንዱ ውሃ ይረጫል፣ ሌላዋ በነጠላ ታራግባለች፣ ክብሪት የሚጭርም አልጠፋም። ባለ ሰርተፊኬቱ እኔ እጄን የት እንደማሳርፍ ጠፍቶኝ ቆሜ አያለሁ። ደግነቱ ስኳራቸው ወርዶ እንጂ ልባቸው ቆሞ አልነበረም። ይሁንና ነገሩ አልለቀቀኝም፦ ሰው ይህን ሙያ እንዴት ነው የሚማረው?

ታሪኩን ሳነብ ያስገረመኝ፣ ድሮ ማስተማር ቀላል እንደነበር ነው። በ1932 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ሆልገር ኒልሰን የተባለ የዴንማርክ መኮንን ያስተዋወቀው ዘዴ ለብዙ ዓመታት በየአገሩ ተሠርቶበታል። የሰመጠውን ሰው በሆዱ ታስተኛለህ፣ ጀርባውን ትጫናለህ፣ ከዚያ ክንዶቹን ከክርኑ ይዘህ ታነሳለህ። ለመለማመድ ጓደኛህን መሬት ላይ ማስተኛት ይበቃል። ማንም አይጎዳም።

ችግሩም እዚያው ላይ ነበር። ጓደኛህ ነቅቷል፤ ጉሮሮውን ራሱ ክፍት አድርጎ ይይዛል። ራሱን የሳተ ሰው ግን ምላሱና የጉሮሮው ሥጋ ወደ ኋላ ወድቆ የአየር መንገዱን ይዘጋል፤ ጀርባውን ብትጫን ባትጫን አየር ላይገባ ይችላል። በእኛ ሙያ አነጋገር፣ ቴስቱ ሁሌ ያልፋል፣ ፕሮዳክሽን ላይ ግን ይወድቃል።

ይህን ያጋለጠው ፒተር ሳፋር ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ባልቲሞር ውስጥ በጎ ፈቃደኞችን በመድኃኒት አስተኝቶ፣ ጡንቻቸውንም አደንዝዞ በራሳቸው እንዳይተነፍሱ አደረገ። (ዛሬ ይህን የሚፈቅድ ኮሚቴ የሚገኝ አይመስለኝም።) አንገት ወደ ኋላ ቀና አድርጎ አፍ በአፍ መተንፈስ ከድሮዎቹ ዘዴዎች እንደሚበልጥ፣ የሕክምና ትምህርት የሌለው ሰውም ሊሠራው እንደሚችል አሳየ። በ1960 ደግሞ የጆንስ ሆፕኪንሶቹ ኩዌንሆቨን፣ ጁድና ኒከርቦከር ደረት ሳይከፈት ከላይ በመጫን ብቻ ደም ማዘዋወር እንደሚቻል አሳተሙ። ኩዌንሆቨን ሐኪም ሳይሆን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር፤ ይህችን በኩራት ነው የምጽፋት።

እንግዲህ ዘዴው ተሻሻለ፣ ማስተማሪያው ግን ተበላሸ። ልቡ በደህና የሚመታን ጓደኛ ደረት አምስት ሴንቲሜትር ወደ ታች እየጫንክ መለማመድ አትችልም፤ ትጎዳዋለህ።

መፍትሔው የመጣው ከአሻንጉሊት ሠሪ ነው። የስታቫንገሩ ኖርዌያዊ ኦስሙንድ ሌርዳል ከለስላሳ ፕላስቲክ የልጆች መጫወቻ ይሠራ ነበር። ትንሹ ልጁ ሊሰምጥበት ሲል ከውሃ አውጥቶ ያተረፈ አባትም ነው። በ1960 የሰው ቁመት ያላትን አን የተባለች አሻንጉሊት ለገበያ አቀረበ። ፊቷ የተቀዳው ሴን ወንዝ ውስጥ ሞታ ተገኘች ከሚባልላት የማትታወቅ የፓሪስ ልጅ የፊት ቅርጽ ነው። በኋላም በሳፋር ምክር ደረቷ ውስጥ ስፕሪንግ ገባ።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ፊቷ አይደለም። አንገቷን ካላቀናህ ደረቷ አይነሳም። ስህተትህን አሠልጣኙ ሳይነግርህ ራሷ ትነግርሃለች። ጠረጴዛ ይህን አያደርግም። ሳፋርና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ የማስተማሪያ ዘዴዎችን ሲያነጻጽሩም፣ ማየት ብቻውን እንደማይበቃና ሰው እየታረመ አሻንጉሊት ላይ መለማመድ እንዳለበት ደምድመዋል።

አሠልጣኝ የግድ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። በ2000ዎቹ አሜሪካ ውስጥ 22 ደቂቃ ቪዲዮ እያዩ በትንሽ አሻንጉሊት የተለማመዱ ሰዎች ሰዓታት የሚፈጅ ኮርስ ከወሰዱት አላነሱም። ልዩነቱ ቪዲዮው እጅህን አጣጥፈህ የምታየው አለመሆኑ ነው፤ እያየህ ትጫናለህ። ያም ሆኖ በየትኛውም መንገድ የተማረ ሰው ካልደገመው በወራት ውስጥ ይረሳል።

በቅርቡ ነርስ የሆነች ጓደኛዬ ስትጫናት ቀጭ የምትል አሻንጉሊት ላይ አስሞከረችኝ። አሥር ጊዜ ተጫንኩ፤ ዝም።

«ትሰበራለች ብለህ ነው? በደንብ ተጫን እንጂ!» አለችኝ።

ክርኔን ቀጥ አድርጌ ከትከሻዬ ስጫን ቀጭ አለች። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው የሚፈለገው። ሁለት ደቂቃ ሳልሞላ ላብ አጠመቀኝ። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሼ እንድመጣ ቀጠሮ ይዘናል።