በወጌሻ ማሸት ጊዜ መታወቅ ያለባቸው በሽታዎች

ወጌሻ ስብራትን፣ ውልቃትንና ወለምታን በእጁ የሚያክም፣ የተያዘ ጡንቻንም አሽቶ የሚያፍታታ ባህላዊ ባለሙያ ነው። ሙያው ብዙውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በእግር ኳስ ሜዳ የተጎዳ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠው ባለሙያም በአማርኛ ስሙ ወጌሻ ነው፤ ስለዚህ ቃሉን የማያውቅ የለም። ዛሬ በከተሞች ማሳጅ የሚሰጡ ቤቶችና በሆስፒታል የሚሠሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ቢኖሩም፣ በገጠር «ታሽቼ ይሻለኛል» የሚል ሰው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው።

ማሸት የደከመ ጡንቻን ያሳርፋል፤ ሕመምንም ለጊዜው ያስታግሳል። ነገር ግን አንዳንድ በሽታዎች የድካም መስለው ይመጣሉ፣ ሲታሹም ይብሳሉ። ይህ ጽሑፍ በጋሞ ዞንና በአርባ ምንጭ ዙሪያ የሚገኙትን እንዲህ ያሉ በሽታዎች ይመለከታል።

== የኩልፎ ተፋሰስ ==

የኩልፎ ወንዝ ከጉጌ ተራሮች ተነስቶ በአርባ ምንጭ ከተማ በኩል አልፎ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። በአጭር ርቀት ውስጥ ከብርዳማ ደጋ ወደ ሞቃት ቆላ ይወርዳል፤ በሽታውም ከከፍታው ጋር አብሮ ይለወጣል። በደጋው የቀርከሃና የእንሰት አገር ሲሆን ዝሆኔ ይታወቃል። በቆላው የሙዝ እርሻና ሐይቅ ዳር ሲሆን ወባ፣ ቢልሃርዝያ፣ ወደ ኮንሶና ሰገን በኩል ደግሞ ካላ አዛር አለ። ስለዚህ ለወጌሻ የታማሚውን ሰፈር መጠየቅ የታመመበትን ቦታ ከመጠየቅ አያንስም።

ለማሸት የሚመጣው ሰውም እንደ ሥራው ይለያያል። የዶርዜ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ሲወረውር ትከሻውና ወገቡ ይያዛል። የሙዝ እርሻ ሠራተኛ ዘለላ ተሸክሞ ጀርባውን ያመዋል። የባጃጅ ሹፌር ደግሞ አንገቱን። ለእነዚህ ማሸት ጥሩ ነው፤ ችግር የሚመጣው ሌላ በሽታ ያለበት ሰው ራሱን ከእነርሱ እንደ አንዱ ቆጥሮ ሲመጣ ነው።

== ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ==

ወባ ከቆላው በሽታዎች ሁሉ በብዛት ከድካም ጋር የሚምታታ ነው። ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ቁርጥማት ያመጣል፤ ታማሚው «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ለመታሸት ይተኛል። በአካባቢው ፋልሲፓረም እና ቫይቫክስ የተባሉት ሁለቱም የወባ ዓይነቶች ይገኛሉ። ፋልሲፓረም ሳይታከም ሲቆይ ወደ አንጎል ሊደርስና ሊገድል ይችላል። ማሸት ወባን በራሱ አያባብስም፤ የሚያስፈራው ቀን ማባከኑ ነው። ሰውነቱ የሚያተኩስ ሰው ከመታሸቱ በፊት ደሙን መመርመር አለበት። ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በጤና ኬላም ይሠራል።

== ሆድ ማሸት ==

በጋሞም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሆድ ሲያም በቅቤ ወይም በዘይት ማሸት የተለመደ ነው። ከሁሉም የማሸት ዓይነቶች በጣም ጥንቃቄ የሚፈልገው ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ጣፊያ ነው።

ጣፊያ በግራ የጎን አጥንት ሥር ያለ፣ የሰው ጡጫ የሚያህል፣ ደም የሞላበት ለስላሳ አካል ነው። በጤነኛ ሰው በእጅ አይነካም። በተደጋጋሚ ወባ፣ በካላ አዛር ወይም በቆየ ቢልሃርዝያ ሲያብጥ ግን ከጎን አጥንት ወጥቶ እስከ እምብርት አልፎ ሊወርድ ይችላል። ያበጠ ጣፊያ በጉልበት ሲጫኑት ሊፈነዳ ይችላል፤ ደሙም ወደ ሆድ ውስጥ ስለሚፈስ ከውጭ አይታይም። ታማሚው ይገረጣል፣ ያልበዋል፣ ራሱን ይስታል። በቶሎ ሆስፒታል ካልደረሰ ይሞታል።

ካላ አዛር የሚተላለፈው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ነው። በደቡቡ ቆላ ዝንቧ በኩይሳ ውስጥ ትጠለላለች፤ በኩይሳ አጠገብ የሚያድሩ እረኞችም ይጋለጣሉ። ከሁለት ሳምንት በላይ የማይለቅ ትኩሳት፣ መክሳት፣ መገርጣትና በግራ በኩል የሆድ ማበጥ ምልክቶቹ ናቸው። ደምን የሚያረጉት ህዋሳትም ስለሚያንሱ አፍንጫ ይደማል፤ ቀለል ያለ ማሸት እንኳ ቆዳውን ያበልዘዋል። በአርባ ምንጭ ሆስፒታል የካላ አዛር ሕክምና ማዕከል አለ፤ ሳይታከም የቀረ ካላ አዛር አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

ቢልሃርዝያ በአባያና በጫሞ ዙሪያ በተለይ ዓሣ አጥማጆችንና በውኃ ውስጥ የሚውሉ ልጆችን ይይዛል። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ሊያመጣ፣ ሲቆይም ጉበትንና ጣፊያን ሊያሳብጥ ይችላል።

እርጉዝ ሴትም አለች። አንዳንድ የልምድ አዋላጆች ፅንሱን «ለማስተካከል» ሆድ ያሻሉ። ይህ የእንግዴ ልጁን ያለጊዜው ከማህፀን ሊያላቅቅ፣ በቀዶ ጥገና የወለደች ከሆነችም ማህፀኗን ሊቀድድ ይችላል። እርጉዝ ሴት እግሯንና ጀርባዋን በቀስታ ብትታሽ ጉዳት የለውም፤ ሆዷ ግን መነካት የለበትም።

== ያበጠ እግር ==

ያበጠ እግር ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን መለየት በዚህ አካባቢ ለሚያሽ ሰው ትልቁ ዕውቀት ነው።

የመጀመሪያው ፖዶኮኒዮሲስ ወይም በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው ነው። በእሳተ ገሞራ ከተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር በሚሄዱ ደገኞች ላይ ይመጣል። ከአፈሩ የሚገቡት ጥቃቅን ብናኞች የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳሉ፤ ፈሳሹ ስለማይመለስ እግር ያብጣል። ስሙን ያወጣለት በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን ቃሉ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የመጣ ነው። በኢትዮጵያ ታማሚዎቹ ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በቤተሰብ ውስጥ ሲደጋገም የሚታየው ለአፈሩ የመጋለጥ ባሕርይ በዘር ስለሚወረስ ነው፤ ይህንንም በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በጎረቤት ወላይታ የተሠራ ጥናት አሳይቷል። ቢሆንም ታማሚዎቹ እስከ ዛሬ ከጋብቻና ከማኅበር ይገለላሉ፤ እግራቸውን በእጁ የሚነካ ሰው ማግኘታቸው ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

የዝሆኔ እግር በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ መታጠብ፣ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ያስፈልገዋል። ሲተኙ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥም ይረዳል። በጉልበት ማሸት እብጠቱን አያጠፋም። እግሩ ቀልቶ ሲያተኩስ፣ ብሽሽትም ሲያብጥ ደግሞ ኢንፌክሽን ገብቷልና ፈጽሞ አይታሽም።

ሁለተኛው በጥልቅ የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ነው። ዝሆኔ በዓመታት ይመጣል፤ ይህ በቀናት ይመጣል። ዝሆኔ አብዛኛውን ጊዜ ከእግር መዳፍ ጀምሮ በሁለቱም እግሮች ላይ ይወጣል፤ የረጋ ደም ግን ብዙውን ጊዜ አንዱን እግር ብቻ፣ በተለይ ባቱን ያሳብጣል፣ ይሞቃል፣ ሲነኩት ያማል። አራስ፣ በቅርቡ ቀዶ ጥገና የተደረገለት፣ እግሩ ተሰብሮ የተኛ ወይም በካንሰር የታመመ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ይህን እግር ማሸት የረጋውን ደም ከቦታው ሊያስነሳው ይችላል፤ ተነስቶ ሳንባ ላይ ሲደርስ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። አራስን ማሸት በአገራችን የተለመደ በመሆኑ ይህ በሽታ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ መታወቅ አለበት። አንድ ባቷ ያበጠ አራስ ሳትታሽ ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች።

== ስብራትና ማሰር ==

ወጌሻ ስብራትን በቀርከሃ ስንጣቂና በጨርቅ ያስራል። በልኩ ከታሰረ አጥንቱን ያሳርፋል። የተሰበረ እጅ ወይም እግር ግን ከታሰረ በኋላም ማበጡን ይቀጥላል፤ ሲታሰር ልክ የነበረው ጨርቅ ማታ ላይ ማነቂያ ይሆናል። ደም የተቋረጠበት ጡንቻ ወደ 6 ሰዓት ገደማ ከቆየ መሞት ይጀምራል። ከወጌሻ እስራት በኋላ የሚመጣ ጋንግሪን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በደንብ የታወቀ የእጅና የእግር መቆረጥ ምክንያት ሲሆን፣ ከተጎዱት ብዙዎቹ ልጆች ናቸው።

ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ ከስብራቱ ቀን ይልቅ እየጨመረ ከሄደ እስራቱ ወዲያውኑ መፈታት አለበት፤ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። ሕፃን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ «አጥንቱ እየገጠመ ነው» የሚለው አባባል ብዙ እጅ አስቆርጧል። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ደግሞ ሳይታሽ፣ ሳይጎተት፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ሆስፒታል ይወሰዳል።

== የጀርባ ሕመም ==

አብዛኛው የጀርባ ሕመም የሥራ ነው። ለወራት የቆየ፣ ሌሊት የሚብስ፣ ከማላብና ከመክሳት ጋር የመጣ ከሆነ ግን የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ ሳል ሳይኖርም አጥንት ውስጥ ይገባል። አከርካሪው ተበልቶ በጀርባ ላይ ጉብታ ይወጣል፤ ይህን «የወጣ አጥንት» መስሎት ወደ ውስጥ የሚገፋ ወጌሻ የታማሚውን እግሮች ሽባ ሊያደርግ ይችላል። እግር መደንዘዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከተጨመረ አስቸኳይ ነው። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል።

== ቆዳ ==

የስኳር በሽታና የሥጋ ደዌ የእግርን ስሜት ያጠፋሉ፤ ታማሚው ውኃው ቢያቃጥለው ወይም እጁ ቢከብደው «አመመኝ» አይልም። ስለዚህ የውኃውን ሙቀት የሚለካው በራሱ ክርን ወጌሻው ነው። እከክና ጭርት በንክኪ ይተላለፋሉ። ቁንጭር በንክኪ አይተላለፍም፤ ከአባያ ሐይቅ በላይ ባለችው ኦቾሎ መንደር የታወቀ ሲሆን ተሕዋሱ የሚኖረው በገደል ውስጥ ባሉ ሽኮኮዎች ላይ ነው፣ የሚያደርሰውም የአሸዋ ዝንብ። ቁስሉን ግን መፈተግ አይገባም። ኤች አይ ቪም በጤነኛ ቆዳ ንክኪ አይተላለፍም፤ ከቫይረሱ ጋር የሚኖር ሰው እንደማንኛውም ሰው ይታሻል። የሚያሽ ሰው እጁ ላይ ቁስል ካለ መሸፈን፣ በሁለት ሰዎች መካከልም እጁን በሳሙና መታጠብና ጨርቁን መለወጥ ይኖርበታል።