ነጋሪቱን የሚያስመታው፣ ማኅተሙን የሚይዘው

ቱም ላይ ቡናውን አድርቆ ለገበያ ያዘጋጀ አርሶ አደር ከሩቁ ገዥ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። በመሃል ደላላ አለ። ዋጋውን የሚነግረው እሱ፣ የሻጩን ቃል ወደ ገዥ የሚያደርሰውም እሱ ነው።

ኮምፒውተሮችም ደላላ አላቸው። ባንኩ፣ የክፍያ መተግበሪያውና መጋዘኑ መልእክት የሚለዋወጡት በክላውድ ላይ በተቀመጠ አቀባባይ በኩል ነው፤ ካፍካ አንዱ ነው። በዚህ አቀባባይ ላይ ካሉት ፈቃዶች ሦስቱን እንይ፦ መልእክት መላክ፣ መልእክት ማንበብ፣ ለሌላው ፈቃድ መስጠትና መንሳት። ሦስቱን በአንድ ቁልፍ ላይ ማንጠልጠል አደገኛ ነው። ይህን ለመረዳት ግን መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ የራሳችን ታሪክ ይበቃል።

መጀመሪያ መላክ። ድሮ አዋጅ የሚነገረው በገበያ ቀን፣ ነጋሪት ተጎስሞ ነው። መስማት ለሁሉም ነበር፤ ነጋሪት ማስመታት ግን ንጉሡ ለከፍተኛ ሹማምንት የሚሰጠው የሥልጣን ምልክት ነበር። በ1934 ዓ.ም. የሕግ ማወጃው ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀጥሎ ፈቃድ መስጠት። ጸሐፌ ትዕዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከ1933 እስከ 1947 ዓ.ም. የጽሕፈት ሚኒስትር ነበሩ። ማኅተሙ በእጃቸው፣ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ የሚገባውና የሚወጣው ደብዳቤም በደጃቸው ነው። በዚያ ላይ በየጊዜው የአገር ግዛትና የፍትሕ ሚኒስቴርን ደርበው ያዙ። ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ ኃያል ሰው ያደረጋቸው ጦር ሳይሆን በር ጠባቂነቱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ይህን አይተው ይመስላል፣ በ1947 ከቦታው አንስተው ወደ አርሲ ላኳቸው።

ሦስተኛው ማንበብ ነው። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲከፈት ትልቅ በር ተከፈተ። የአዲስ አበባው ዋጋ በገጠር ከተሞች ሰሌዳና በስልክ አጭር መልእክት ይደርስ ጀመር። አርሶ አደሩ ደላላውን «አውቃለሁ» የሚልበት ነገር አገኘ። በግብይት አዳራሹ ውስጥ እጅ ተማትቶ ዋጋ የሚቆርጠው ግን የአባልነት ወንበር ያለው ብቻ ነበር። ገበሬው የማንበብ ፈቃድ አገኘ፤ የመጻፍ ፈቃድ አላገኘም። ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ዋጋውን መስማትና በዋጋው ላይ ቃል መስጠት አንድ አይደሉም።

ዛሬ ክፍያው፣ መታወቂያው፣ የመሬት መዝገቡ ሁሉ ወደ ዲጂታል እየገባ ነው። «ዘመናዊ ሆነናል» ሲባል አራት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ማን ይልካል? ማን ያነባል? ፈቃዱን ማን ይሰጣል? ሹሙ ከቦታው ሲነሳስ ቁልፉን ማን ይቀበለዋል? የመጨረሻዎቹን ሁለት የሚመልስ ከሌለ፣ የቱም ገበሬ የሚያገኘው አዲስ ደላላ ነው። ልዩነቱ፣ የድሮውን ቢያንስ ገበያ ላይ ፊቱን አይቶ ይከራከረው ነበር።