ጭምብልና ስም፦ «የዞሮ ምልክት» በጎጃም ተመልካች ዐይን

መግቢያ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ አንድን ሥራ በሚመረምርበት ጊዜ ትኩረቱ በአብዛኛው በደራሲውና በድርሰቱ ላይ ያርፋል። ተደራሲው የሚታወሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያም ቢሆን «አንባቢውን ይማርካል» በምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ታልፎ ይቀራል። ፊልምን በሚመለከት ደግሞ ችግሩ የባሰ ነው። የገጠሩ ተመልካች ስለ አንድ የውጭ አገር ፊልም የሚሰጠው አስተያየት እንደ ተራ ጨዋታ ይቆጠራል እንጂ እንደ ሂስ አይታይም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ታዋቂ የጭምብለኛ ጎራዴኛ ፊልም በምዕራብ ጎጃም ሰዎች ዘንድ እንዴት እንደ ታየ በማሳየት፣ አስተያየታቸው ከአካባቢው ታሪክና ሥነ ቃል ጋር ያለውን ዝምድና መመርመር ነው።

የጽሑፉ መነሻ ሁለት ነው። አንደኛው ጸሐፊው በተማሪነቱ ዘመን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ቪዲዮ ቤቶች የሰማው ነው። ሁለተኛው በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር መንደር፣ በዘመድ ቤት፣ «የዞሮ ምልክት» የተሰኘውን ፊልም በላፕቶፕ ለጥቂት ሰዎች ባሳየ ጊዜ የተሰነዘረው አስተያየት ነው። አስተያየቶቹ በመጠይቅ የተሰበሰቡ ባለመሆናቸው የጎጃምን ሕዝብ ሁሉ ይወክላሉ አይባልም። ሆኖም ያነሡት ጥያቄ ለብቻው ሊጤን የሚገባው ሆኖ ተገኝቷል።

ስለ ፊልሙ በአጭሩ

ዞሮ በስፓኒሽ ቋንቋ ቀበሮ ማለት ነው። ገጸ ባሕርዩን የፈጠረው ጆንስተን ማካሊ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ ሲሆን፣ ታሪኩ በመጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1919 በመጽሔት ላይ በተከታታይ ነበር። በዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1920 ዳግላስ ፌርባንክስ ድምፅ አልባ ፊልም ሠራበት። ብዙዎች እንደ ዋናው የሚቆጥሩት ግን እ.ኤ.አ. በ1940 ሩበን ማሙሊያን ያዘጋጀውንና ታይሮን ፓወር የተወነበትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አንቶኒዮ ባንዴራስና አንቶኒ ሆፕኪንስ የተወኑበት ሌላ ፊልም ተከትሏል። በቪዲዮ ቤቶቻችን የታየው ይህ የኋለኛው ነበር።

የ1940ው ፊልም ታሪክ እንዲህ ነው። ዲዬጎ ቬጋ የተባለ የመኳንንት ልጅ በማድሪድ የውትድርና ትምህርት ላይ ሳለ አባቱ ወደ ካሊፎርኒያ ይጠሩታል። ሲመለስ አባቱ ከሹመታቸው ተነሥተው፣ በምትካቸው ኪንቴሮ የሚባል ስግብግብ ሰው ተሹሞ፣ ሕዝቡ በግብር ሲራቆት ያገኛል። የአገዛዙ ክንድ ካፒቴን ፓስኳል የተባለ ጎራዴኛ ነው። ዲዬጎ በቀን ሽቶ የሚቀባ፣ ስለ ልብስ ብቻ የሚያወራ ቅምጥል ሆኖ ይታያል። ሌሊት ግን ጥቁር ጭምብል አድርጎ የግብሩን ገንዘብ እየቀማ ለሕዝቡ ይመልሳል፤ ባለፈበት ሁሉ በጎራዴው ጫፍ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይቀርጻል። በመጨረሻ ፓስኳልን በጎራዴ ግጥሚያ ይገድላል፤ ማንነቱ ይገለጣል፤ ሕዝቡም ተነሥቶ ኪንቴሮን ያወርዳል።

ሲኒማ ከከተማ ወደ ገጠር

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ የተቀበለው በጥርጣሬ ነበር። ፊልም የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ መጥራቱ ለዚህ ምስክር ነው። በፋሽስት ወረራ ዘመን ጣልያኖች ለራሳቸው መዝናኛ የሠሯቸው አዳራሾች ከነጻነት በኋላ ለሕዝብ አገለገሉ። በጎጃም የገጠር ከተሞች ግን ፊልምን በሰፊው ያለማመደው ቪዲዮ ቤት ነው። ጭቃ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ውጭ ደግሞ ጄኔሬተር፤ ቤቱ ይኸው ነበር። እንግሊዝኛ ጥቂት የቀመሰ ተማሪ ለጎረቤቱ ይተረጉማል፤ ያልገባውን ከራሱ ይጨምርበታል። ስለዚህ ተመልካቹ ፊልሙን የሚያየው በከፊል በራሱ አገር ተረት አማካይነት ነበር ማለት ይቻላል።

ተመልካቾቹ ምን አሉ?

በመንደሩ በላፕቶፑ ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል አንድ አዛውንት፣ አንዲት እናት፣ አንድ የቅኔ ተማሪና ጥቂት ወጣቶች ይገኙ ነበር። የመጀመሪያው አስተያየት በፈረሱ ላይ የተሰጠ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የጊዮርጊስን በዓል በፈረስ ትርኢት የሚያከብሩበት የአዊ ምድር ለቡሬ ጎረቤት በመሆኑ፣ ፈረስና ፈረሰኛን አይቶ መመዘን በአካባቢው የተለመደ ነው። ወጣቶቹ ተዋናዩ ኮርቻ ላይ የተቀመጠበትን አኳኋን መርምረው «ያውቅበታል» ሲሉ መሰከሩለት። ጎራዴውን ግን ናቁት። ቀጭንና ቀጥ ያለ በመሆኑ «ይህስ ወስፌ ነው» ተባለ። ሁለቱ ጠበኞች በተፋለሙ ጊዜ ግን ሳቁ ቆመ፤ ፓስኳል ሲወድቅ ሁሉም እፎይ አለ።

ዋናው ክርክር የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። አዛውንቱ ፊታቸው አልተፈታም። «አንተ ልጅ» አሉኝ፤ «ይህ ሰው ጀግና ነው ትለኛለህ። ጀግና ፊቱን ይሸፍናል እንዴ? ጀግናማ ገድሎ ስሙን ይጠራል። ተሸፋፍኖ የሚቀማ እኛ ዘንድ ሌባ ነው የሚባል።» ወጣቶቹ «ለድኻ ነው እኮ የሚቀማው» ብለው ተከራከሩ። አዛውንቱ ግን «ለማንም ይቀማ፤ ስሙን የደበቀ ሰው ነገ አንተ ላይ ቢያላክክ በምን ታውቃለህ?» ሲሉ መለሱ።

ይህ አስተያየት ከቃላዊ ግጥማችን ባሕርይ ጋር የጠበቀ ዝምድና አለው። ፉከራና ሽለላ በመሠረቱ የስም ጥሪ ናቸው። ፎካሪው የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ማንን እንደ ጣለ፣ የት እንደ ዋለ በአደባባይ ያስታውቃል። የፈረስ ስምም ከዚሁ የሚመደብ ነው፤ ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክን «አባ ዳኘው»፣ ባልቻን «አባ ነፍሶ» ማለት ስምን በስም ላይ መደረብ እንጂ መሸፈን አይደለም። የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ፣ ለተከታዮቹ ማዕረግ ሲያድል ለራሱ ምን እንደሚመርጥ ቢጠየቅ እናቱ ያወጣችለት «በላይ» የሚለው ስም እንደሚበቃው መመለሱ በአፈ ታሪክ ይነገራል። ነገሩ በዚህ መልክ ተፈጽሞም ይሁን በኋላ የተጨመረ፣ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ባህል ውስጥ የጀግናው ትልቁ ጌጥ ስሙ ነው።

እናቲቱ ግን በዚህ አልተስማሙም። እስከዚያ ድረስ ቡና እያፈሉ በዝምታ ሲያዩ ቆይተው «ፊቱን የሸፈነውማ ለራሱ ብሎ አይደለም» አሉ። «አባትና እናቱ ቤት ተቀምጠው የለ? ስሙን ቢጠራ እሱ በፈረሱ ያመልጣል፤ የሚታሰሩት እነሱ ናቸው። ሽፍታ ጫካ ሲገባ ወታደር የሚሰፍረው በማን ላይ ሆነና!» አዛውንቱ ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው «ይኸስ እውነት ነው» አሉ።

የዚህ ጸሐፊ እምነት በዚያ ሌሊት ከተነገረው ሁሉ ክብደት ያለው አስተያየት ይህ ነው የሚል ነው። ስለ ሽፍትነት የተጻፉ ጥናቶች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመው የኤሪክ ሆብስባውም ሥራ፣ ሽፍታውን ከገበሬው ጋር ባለው ግንኙነት ይመዝናሉ። እናቲቱ የመዘኑት ግን ከቤት በቀሩት ሰዎች በኩል ነው። ወንድየው ሲሸፍት ከብቱ የሚነዳባት፣ ቤቷ የሚቃጠልባት፣ «አምጪ» እየተባለች የምትንገላታ ሴት በፉከራው ውስጥ ስሟ አይገኝም። ጭምብሉን ከእርሷ ወገን ሆነው ሲያዩት የፍርሃት ምልክት መሆኑ ይቀርና ለዘመድ የተደረገ ጥንቃቄ ይሆናል። በፊልሙም ውስጥ ቢሆን የዲዬጎ አባት ሕግ አክባሪ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጃቸው ማንነቱን ከእርሳቸው ሳይቀር ይደብቃል።

ግብርና ዓመፅ

ተመልካቾቹ ያለ ማንም አስተርጓሚ የተረዱት ሌላው ጉዳይ የግብሩ ነው። ገበሬዎቹ ሲጨነቁ የሚያሳየው ክፍል በታየ ጊዜ አዛውንቱ «እኛም ዘንድ ነበር» ብለው የ1960 ዓ.ም.ን ነገር አነሡ። በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በጎጃም ከባድ ተቃውሞ ማስነሣቱ የታወቀ ነው። ገበሬው ዐዋጁን የፈራው ስለ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ይወሰዳል የሚል ሥጋትም ነበረበት። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገበሬዎች መሣሪያ አነሡ፤ መንግሥት ጦር ላከ፤ ከአየርም ደበደበ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣናቸው ተነሡ፤ ግብሩም እንደ ታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ።

ይህን ታሪክ ከፊልሙ ጋር ስናነጻጽር አንድ ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። በፊልሙ ሕዝቡን የሚያድነው ከመኳንንት ወገን የተወለደ አንድ ሰው ነው፤ ገበሬው የሚነሣው በመጨረሻው ሰዓት፣ ያውም እርሱን ተከትሎ ነው። ሹመቱም ዞሮ ዞሮ ለዲዬጎ አባት ይመለሳል። በጎጃሙ ዓመፅ ግን የተነሣው ገበሬው ራሱ ነበር። ከወጣቶቹ አንዱ ፊልሙ ሲያልቅ «ታዲያ አባትየውም እኮ ጌታ ናቸው፤ ገበሬው ምን አገኘ?» ሲል መጠየቁ ከዚህ አንጻር ሲታይ ተገቢ ሂስ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ና የቅኔው መንገድ

በአማርኛ ልቦለድ ይህን ጥያቄ ቀድሞ ያነሣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን ከጎጃሙ ዓመፅ በሁለት ዓመት ይቀድማል። በውስጡም የገበሬዎች መሪ የሆነው አበጀ በለው ፊታውራሪ መሸሻን ይገጥማል፤ ይማርካቸዋልም። አበጀ ጭምብል የለውም፤ በስሙ የሚታወቅ፣ በስሙ የሚፈራ ሰው ነው። አዛውንቱ የሚፈልጉት ጀግና እርሱን የሚመስል ነው።

ይሁን እንጂ በዚያው ልቦለድ ውስጥ ሰብለ ወንጌል የአባቷን ቤት ጥላ የምትወጣው በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ ነው። እንደ አጋጣሚ ሆኖ በፊልሙም ውስጥ ዞሮ ከሚወዳት ልጅ ጋር በቤተ ክርስቲያን የሚነጋገረው የመነኩሴ ቀሚስ ለብሶ ነው። ይህ ትዕይንት ሲመጣ እናቲቱ ፈገግ ብለው «ይኸስ የኛ አገር ነገር ነው» ማለታቸው ይታወሰኛል። በስሙ መፎከር ለአበጀ ተፈቅዷል፤ ለሰብለ ወንጌል ግን ከመሰወር በቀር ሌላ መንገድ አልተተወላትም። ስለዚህ ባህላችን መሰወርን ጨርሶ አያወግዝም፤ የሚያወግዘው ኀይል እያለው የሚሰወረውን ነው ማለት ይቻላል።

የቅኔ ተማሪው የሰጠው አስተያየት ደግሞ ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቅ ነበር። «ቅምጥሉ ሰም ነው፤ ጎራዴኛው ወርቁ ነው» አለ። «ወርቁ ለሁሉ አይታይም፤ ለሚፈታው ብቻ ነው። ፊደሉን መቅረጹ ደግሞ ኅብሩን ማሳየቱ ነው።» እነ ዋሸራን፣ እነ ጎንጅንና እነ ዲማን የመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤዎች ባበቀለው ጎጃም ይህ አነጋገር ሊያስደንቅ አይገባም። ያው አንድ አገር ስምን በአደባባይ የሚጠራ ፉከራንም፣ ምሥጢርን በቃል ውስጥ የሚሰውር ቅኔንም አሳድጓል። በዚህ አተረጓጎም መሠረት በጎራዴ የሚቀረጸው ፊደል ሙሉ ስሙ ያልተነገረበት ፉከራ ነው። አዛውንቱም ይህን ሲሰሙ «እንግዲህ ፈክሯል በለኛ!» ብለው ሳቁ።

የስም ዋጋ

ስምን በግልጽ መጥራት የሚያስከፍለው ዋጋ በታሪክ ተመዝግቧል። በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን በምዕራብ ጎጃም የነመንገሻ ጀምበሬና የነነጋሽ በዛብህ፣ በምሥራቁ የነበላይ ዘለቀ ስም ለጣልያን ጦር መፍሪያ ነበር። ቡሬም የጣልያን ምሽግ ሆና ቆይታ በ1933 ዓ.ም. ተለቃለች። ነገር ግን ከነጻነት በኋላ ያው የገነነ ስም ለባለቤቱ አደጋ ሆነ። በላይ ዘለቀ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። የፊልሙ ጀግና ጭምብሉን አውልቆ ጎራዴውን ጣሪያ ላይ ሰክቶ ወደ ትዳርና ወደ ጸጥታ ኑሮ ይመለሳል። ለጎጃሙ ጀግና እንዲህ ያለ መመለሻ አልተዘጋጀለትም። አዛውንቱ ፊልሙ ሲያልቅ «ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ግን ልጅነት አለበት» ያሉት ይህንኑ አስበው ይመስለኛል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የቀረበው እንደሚያሳየው ተመልካቹ ወደ ፊልሙ ባዶ እጁን አይቀርብም። ፉከራውን፣ ቅኔውን፣ የግብርና የሽፍትነት ትዝታውን ይዞ ይመጣል፤ በእነርሱም ይመዝናል። አንዱ ጭምብሉን የስም ክህደት አድርጎ ሲያይ፣ ሌላዋ የቤተሰብ ከለላ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰም አድርገው አይተውታል። ሦስቱም ንባቦች ከሥራው ውስጥ ማስረጃ አላቸው፤ ሦስቱም ከአገሩ ሥነ ቃል ይመነጫሉ።

በመሆኑም ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደየአካባቢያቸው ሲሄዱ ተረትና ምሳሌ ብቻ ሳይሆን፣ አዛውንቶችና እናቶች ስለሚያዩት ፊልም የሚሰጡትን አስተያየትም እንዲመዘግቡ ያስፈልጋል። በተለይ የእናቶቹ ቃል ሊፈጥን ይገባዋል። የሽፍታውን ስም የሚጠራ ግጥም በብዙ ተሰብስቧል፤ በቤት የቀረችው ግን ያየችውን ገና አልተጠየቀችም። በዚያ ሌሊት እኒያ እናት ያን ቃል የተናገሩት ማንም ጠይቋቸው አልነበረም፤ ፊልሙ አስታውሷቸው ነው።